የዘወትር ፈቺዋ ደብዳቤ

መስቀለኛ ቃላት በእርሳስ የሚፈታ ሰው አይጥመኝም። ገና ሲጀምር ልሳሳት እችላለሁ የሚል ሰው ምኑን ጀመረው? እኔ በእስክሪብቶ ነው የምፈታው፣ ያውም በሰማያዊ። ከተሳሳትኩ ስህተቴ ቀኑን ሙሉ ፊት ለፊቴ ተዘርግቶ ይውላል፤ እኔም እያየሁት አፍራለሁ። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ኖሬያለሁ።

የምሠራው መነጽር ቤት ነው። ከፊት ለፊት ባለቤቱ ጋሼ ደንበኛ ያስተናግዳሉ፤ እኔ ከኋላ ባለችው ጠባብ ክፍል መስታወት እሞርዳለሁ፣ ብሎን አጠብቃለሁ፣ የተጣመመ ፍሬም አቃናለሁ። የምሳ ሰዓት ሲደርስ ማሽኑን አጥፍቼ፣ እጄን ታጥቤ፣ የጋዜጣውን የመጨረሻ ገጽ እገልጣለሁ። በዚያ ሰዓት የሚያናግረኝ ሰው ወዮለት! ጋሼ እንኳን በሩን በቀስታ ነው የሚዘጉት።

ስለ መስቀለኛ ቃላት ያለኝን አስተያየት ልንገራችሁ ብል አናመሽም፣ እናነጋለን። ዋናውን ብቻ ልበል። ቃል ገልብጦ ማስገባት ስንፍና ነው። «የቤት እንስሳ፣ ሲገለበጥ» ይልና መልሱ «ትመድ» ይሆናል። ኧረ በፈጠራችሁ፣ ትመድ የት ነው የሚኖረው? አይጥ ይይዛል? ሁለተኛ፣ ባለ ሁለት ፊደል ቃል ማብዛት ጉድጓድ በጠጠር እንደ መሙላት ነው። ሦስተኛ፣ ጥሩ ፍንጭ ሲፈታ ሰውን ያስቃል እንጂ አያናድድም። ይህን የሚያውቅ አዘጋጅ ግን ስንት አለ?

አንድ አለ። እሱን ያወቅኩት አምና ነው።

የኛ ጋዜጣ የመስቀለኛ ቃላት አዘጋጅ ስሙን አይጽፍም። ለዓመታት ግን በእጁ አውቀው ነበር፤ ቀጥ ያለ፣ ትንሽ ቁጡ፣ ጨዋ ሰው ነው። አምና በድንገት ሥራው ተበላሸ። አሥራ ሰባት ቁልቁል ስድስት ሳጥን ይሰጥና የመልሱ ፊደል አምስት ይሆናል። በአንድ ሰንጠረዥ ውስጥ «መርከብ» ሁለት ጊዜ ይመጣል። ይባስ ብሎ ቁጥሩ ኖሮ ፍንጩ የሌለም ነበር። የሚገርመው፣ ይሄ ሁሉ የሚሆነው ሰኞና ሐሙስ ብቻ ነው።

በሌሎቹ ቀናት ሌላ ሰው ይመጣል። «ብትሰጠው የማይጎድልብህ፣ አራት ፊደል።» ሰላምታ! «ሳትጠራው ይመጣል፣ ስትጠራው ይቀራል፣ አምስት ፊደል።» እንቅልፍ! ብቻዬን ከማሽኑ ጎን ቁጭ ብዬ ስስቅ ጋሼ «ደህና ነሽ ልጄ?» ብለው ብቅ ይሉ ነበር። ደህና አልነበርኩም። ማክሰኞ እስኪመጣ ሰኞን እንደ ጥርስ ሕመም ነበር የምችለው። አላፍርም፣ ልናገረው፦ መልኩን የማላውቀውን፣ ሽማግሌ ይሁን ባለትዳር የማላውቀውን ሰው ወድጄ ነበር።

እና ምን ነክቶኝ እንደሆነ አላውቅም፣ ደብዳቤ ጻፍኩ።

«ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል። መስቀለኛ ቃላታችሁ ሁለት እጅ እንዳለው ደርሼበታለሁ። የሰኞና የሐሙሱ ሰው ደክሞታል። በክብር አሰናብቱትና ይረፍ። የቀሩትን ቀናት የሚያዘጋጀው ግን የሰው ልብ የገባው ነው፤ እሱን ብቻ ስጡን። የዘወትር ፈቺ።»

ቅዳሜ ዕለት አወጡልኝ፣ አንድም ቃል ሳይቀንሱ። እየተኩራራሁ ለእማዬ አነበብኩላት።

እማዬ ልብስ እያጣጠፈች ነበር። «በክብር አሰናብቱት ነው ያልሽው?»

«በክብር ብያለሁ እኮ!»

«ሰውየው ልጅ ይኑረው፣ ሕመም ይኑረው ምን ታውቂያለሽ? አንቺ ልጅ፣ ይሄ አፍሽ አንድ ቀን ጉድ ይሠራሻል» አለችኝና ማጣጠፏን ቀጠለች።

በሚቀጥለው ሰኞ የመጨረሻውን ገጽ ስገልጥ መስቀለኛ ቃላቱ የለም። በቦታው የመኪና ጎማ ማስታወቂያ ተዘርግቷል። ማክሰኞም ጎማ። ረቡዕም ጎማ። ክው አልኩ።

በዚያው ረቡዕ ከሰዓት አንድ ወጣት አባቱን ይዞ ወደ ሱቃችን ገባ። ጋሼ ጠሩኝና ወጣሁ። አባትየው ረጅምና ቀጭን ናቸው፤ ኮታቸው በደንብ ተተኩሷል፣ ጺማቸው ግን ከተላጨ ሰንብቷል። ልጁ የሐኪሙን ወረቀት ሰጠኝ። አነበብኩት። ከድሮው መነጽራቸው ጋር የነበረው ልዩነት ኢምንት ነው።

«አባባ፣ ዓይንዎ ደህና ነው። ይሄ መነጽር ገና ሁለት ዓመት ያገለግልዎታል» አልኳቸው ደስ እንዲላቸው ብዬ።

ደስ አላላቸውም። ልጃቸውን ዞር ብለው አዩት። «ሰማህ? ዓይኔ ደህና ነው። የደከመው ሌላው ነው» አሉና ወደ በሩ ሄደው ውጭ ውጭውን ማየት ጀመሩ።

ልጁ ባንኮኒው ላይ ጎንበስ አለ። «እህቴ፣ ለማንኛውም አዲሱን ሥሪላቸው» አለኝ ቀስ ብሎ። «ምናልባት።»

«ምናልባት» ሲል ድምፁ አንጀቴን በላው። ቀና ስል ዓይን ለዓይን ተያየን። የሱ ዓይኖች እንቅልፍ አጥተዋል፤ ግን ሰው ላይ ሲያርፉ አይቸኩሉም። ለካ ወረቀቱን ይዤ ቆሜ ኖሯል፤ ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረግ ባያደርጉ እዚያው እውል ነበር።

መነጽሩን በሦስተኛው ቀን ብቻውን መጥቶ ወሰደ። በማግስቱ ተመልሶ መጣ።

«ብሎኑ ላልቷል።»

አየሁት። ብሎኑ አልላላም። አጠበቅኩለት።

በሌላው ቀን «አፍንጫቸው ላይ ትንሽ ይጫናቸዋል» አለ። አስተካከልኩ። ቀጥሎ የጆሮ ማቀፊያው ጠበበ፣ ቀጥሎ መጥረጊያ ጨርቁ ጠፋ። ጋሼ አንድ ቀን ከመዝገባቸው ቀና ሳይሉ «ይሄ መነጽር እኮ እግር አውጥቶ መምጣት ነው የቀረው» አሉ። ልጁ እስከ ጆሮው ቀላ። እኔም ሳቄን ለመደበቅ ወደ ጓዳዬ ገባሁ።

የግንባታ ንድፍ ሠሪ ነው። ቤቶችን በወረቀት ላይ ይሠራል፤ በሳምንት ሁለት ቀን ደግሞ ግንባታው እንዴት እንደሄደ ለማየት ከከተማ ይወጣል። አነጋገሩ ዝግ ያለ ነው። ሲቀልድ አይስቅም፤ ሰው እስኪስቅለት ይጠብቃል። እኔ ነገረኛዋ፣ ለሁሉም መልስ ያለኝ ሴት፣ እሱ ፊት ቃል ይጠፋኝ ጀመር።

አንድ የምሳ ሰዓት ጓዳዬ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። ማንም ሰው በዚያ ሰዓት ደፍሮ አያውቅም፤ እኔም አልተቆጣሁም። ጋዜጣው ጠረጴዛዬ ላይ ነበር።

«እስቲ እየው ይሄን!» አልኩት። «መስቀለኛ ቃላት አንስቶ ጎማ! ጎማ ይፈታል እንዴ?»

አልሳቀም። ገጹን ወደ ራሱ ሳበው። «ትፈቺ ነበር?»

«በየቀኑ።»

በርጩማዋን ስቦ ተቀመጠ። «የሚያዘጋጀው አባቴ ነበር» አለኝ።

እጄ ላይ የነበረው ፍሬም አመለጠኝና ወለሉ ላይ ወደቀ። እሱ አንስቶ ሰጠኝ፤ ምንም አልጠረጠረም።

«ሠላሳ ዓመት አዘጋጅቷል። እናቴ ነበረች ቀድማ የምትፈታው። እሷ ሳትፈታው ከቤት የሚወጣ ወረቀት አልነበረም። አምና አረፈች። አባቴ ሥራውን ቀጠለ፣ ግን የሚያይለት ሰው የለም። አንድ ቀን ፖስታውን ወደ ጋዜጣው ቤት ይዤ ስሄድ ከፍቼ አየሁት። ስህተት በስህተት ነው። ምን ልበለው? ሚስቱ የሞተችበትን ሰው ይሄም ሥራህ ሞቷል ልበለው? ዝም ብዬ አስተካከልኩት። የማይስተካከል ሲሆን እኔው አዲስ ሠርቼ አስገባ ነበር። ሰኞና ሐሙስ ከከተማ ስለምወጣ ራሱ ይወስደዋል፤ በእነዚያ ቀናት እንዳለ ይወጣል።»

«እሳቸው አላወቁም?»

«የታተመውን አያይም። ከእጄ ከወጣ የኔ አይደለም ነው የሚለው።» ጣቶቹን አፋተገ። «አንድ ሰው ደብዳቤ ጻፈ። የዘወትር ፈቺ ነኝ ብሎ። የጋዜጣው አለቃ አባቴን ጠርቶ የሁለት ቀን ወረቀት ፊቱ ላይ ዘረጋና የትኛው ያንተ ነው አለው። አባቴ የኔን እጅ እዚያ ነው ያወቀው፣ ሰው ፊት። ቦታውን ለኔ ሊሰጡኝ ነበር፤ እምቢ አልኩ። አባቴ ከዚያ ወዲህ ማስመሪያ አልነካም። ከኔ ጋርም አይነጋገርም። ደህና እደር፣ ደህና ዋል፣ በቃ።»

ያ የወደድኩት እጅ ፊት ለፊቴ በርጩማ ላይ ተቀምጧል፤ እኔ ደግሞ ቤቱን ያፈረስኩበት ሰው ነኝ። ብነግረው አጣዋለሁ። ባልነግረው ሌባ ነኝ።

አልነገርኩትም። ፈራሁ፣ ሌላ ምክንያት የለኝም።

አንድ ሳምንት ከሥራ በኋላ እየጠበቀኝ ሸኘኝ። በሚናገርበት ጊዜ ሁሉ ዛሬ እነግረዋለሁ እላለሁ፤ ሲስቅ ነገ እላለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት ዝናብ ያዘንና ከአንድ የተዘጋ ሱቅ በረንዳ ሥር ቆምን። ጃኬቱን አውልቆ ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገልኝ። ከዚያ ዝናቡን እያየ፣ እኔን ሳያይ፣ «እወድሻለሁ» አለ። «አቀራረብ አላውቅበትም። ግን እወድሻለሁ።»

ስንት ዓመት ልሰማው የፈለግኩት ቃል ነው። ግን እንዲህ ሆኜ እንዴት ልቀበለው?

«ሳትጨርስ ስማኝ» አልኩት። «የዘወትር ፈቺዋ እኔ ነኝ።»

መጀመሪያ አልገባውም። ፈገግ ሊል ሞከረ። ከዚያ ገባው። ፊቱ ሲቀየር አየሁት፤ ያንን ፊት ዕድሜ ልኬን አልረሳውም።

«አንቺ?»

«እኔ።»

«ሳምንቱን ሙሉ ስነግርሽ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ዝናቡ ውስጥ ገብቶ ሄደ። ጃኬቱን እንኳን አልወሰደም።

አሥራ ሁለት ቀን አልመጣም። መብላት አቃተኝ። አንዴ የጋሼን ደንበኛ የቀኝ መስታወት በግራ ገጠምኩት። ጋሼ አውጥተው ሰጡኝ። እማዬ አልፈረደችብኝም፤ መፍረድ ትችል ነበር። «ይቅርታ የሚጠየቀው የተጎዳው ሰው ነው» አለችኝ። «አንቺ ማንን ነው የጎዳሽው? ልጁን ነው አባቱን?»

የአባትየው አድራሻ ሱቃችን በቀረው የሐኪሙ ወረቀት ላይ ነበር። በአሥራ ሦስተኛው ቀን ሄድኩ።

በሩን ራሳቸው ከፈቱ፤ አዲሱን መነጽር አድርገዋል። ሳሎኑ ንጹሕ ነው። ከመስኮቱ ሥር ትልቅ ጠረጴዛ አለ፣ ላዩ ላይ ግን አንድም ወረቀት የለም። እንዳልሸሽ ብዬ ቆሜ ነው የተናገርኩት።

«አባባ፣ ያንን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ማን እንደሆኑ ሳላውቅ፣ ምን እንደደረሰብዎ ሳላውቅ ነው። ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት። ከቤትዎ ቢያስወጡኝም አይፈረድብዎትም።»

አዩኝ። ዓይናቸው የልጃቸው ነው፤ አይቸኩልም።

«ተቀመጪ» አሉኝ። ተቀመጥኩ። «ደክሞታል ብለሻል። ምን አይተሽ ነው?»

«አባባ...»

«ንገሪኝ! የጻፈ እጅ መናገር ያቅተዋል?»

ነገርኳቸው። አሥራ ሰባት ቁልቁልን፣ ሁለቱን መርከቦች፣ ፍንጭ ያጣውን ቁጥር። ስለ ድመቷ ስነግራቸው ተቆጡ፤ «ቃል መገልበጥ የቆየ ሥርዓት ነው!» አሉ። «የቆየ ስንፍና ነው» አልኩ ሳላስበው። አፌን በእጄ ያዝኩ። እሳቸው ግን ወንበራቸውን ወደኔ አስጠጉ።

ከመሳቢያው አንድ ወረቀት አወጡ። «ይሄን ትናንት ነው የሞከርኩት። ማንም አላየውም። ፍቺው።»

እስክሪብቶዬን አወጣሁ። እሳቸው ማዶ ተቀምጠው የፈተና ውጤት እንደሚጠብቅ ተማሪ እጃቸውን አጣጥፈው ያዩኛል። ልለፈው ብል እችል ነበር። ግሩም ነው ብል ደስ ብሏቸው ይሸኙኝ ነበር። ግን ይሄ ሰው ዓመት ሙሉ የተዋሸ ሰው ነው፤ በደግነት ተዋሽቷል፣ ግን ተዋሽቷል።

«አባባ፣ ይሄ አይፈታም» አልኳቸው።

ወደ ወረቀቱ ጎንበስ አሉ።

«ዘጠኝ አግድም ደመና ነው፣ በ‹ና› ያልቃል። አሥራ አንድ ቁልቁል ንፋስ ነው፣ በ‹ን› ይጀምራል። በአንድ ሳጥን ሁለት ፊደል አይገባም።»

መነጽራቸውን አወለቁ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ደነገጥኩ፤ እያለቀሱ ይሁን እየሳቁ አላወቅኩም። ሁለቱም ነበር።

«ይሄ አይፈታም ብላ ትወረውርልኝ ነበር» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «በምሳ ላይ፣ እንግዳ ፊት ሁሉ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ተጣልተናል በዚህ። እሷ ከሄደች ወዲህ ሁሉም ግሩም ነው ይለኛል። አለቃው ግሩም ነው፣ ልጄ ግሩም ነው። እኔ ሞኝ አይደለሁም ልጄ። ስህተት እንዳለው እገምት ነበር። ያቆሰለኝ ስህተቱ አይደለም፤ አንድ ሰው እንኳን ፊቴ ቆሞ አለመንገሩ ነው።»

«እኔም ፊትዎ ቆሜ አልነገርኩዎትም። በጋዜጣ ነው የነገርኩዎት።»

«አሁን ነገርሽኝ አይደል» አሉና ወረቀቱን ሳቡት። «ንፋሱን በናሙና ብቀይረውስ?»

«ያኔ ሃያ አግድም ይበላሻል።»

«አይበላሽም!»

«ይበላሻል አልኩ እኮ፣ ይዩት!»

በሩ መከፈቱን ሁለታችንም አልሰማንም። ቀና ስል ንድፍ ሠሪው ደፍ ላይ ቆሟል። አባቱ እጅ ላይ ማስመሪያ አለ። ድርቅ ብሎ ቀረ።

አባትየው ዘወር አሉ። «ና አንተ፣ ግባ» አሉት። ከነዚያ ሁሉ ሳምንታት በኋላ ከሰላምታ አልፈው የተናገሩት የመጀመሪያ ቃል መሆኑን ከፊቱ አወቅኩ። «ስታርመኝ ንገረኝ። ከእንግዲህ ተደብቀህ አታርመኝ። እጅህ ጥሩ ነው፤ ቆንጆ ነው የሠራኸው። ግን ንገረኝ።»

«እሺ አባዬ» አለ። ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ፤ እሳቸውም ጭንቅላቱን ይዘው ወደ ራሳቸው አስጠጉት።

እኔ ቦርሳዬን አንስቼ ተነሳሁ። ደረጃው ላይ ደረሰብኝ።

«ለምን መጣሽ?»

«ይቅርታ ልጠይቃቸው። አንተን ለማግኘት አይደለም» አልኩ። «እሱም ነው። አልዋሽህም፣ አንተንም ልፈልግ ነው የመጣሁት።»

ከኔ ዝቅ ብሎ አንድ ደረጃ ላይ ተቀመጠ። «በአንቺ የተናደድኩ መስሎሽ ነበር?»

«ሌላ ምን ሊመስለኝ ይችላል?»

«የዚያን ቀን ቅዳሜ ደብዳቤውን ሳነበው» አለ፣ «የሰው ልብ የገባው ነው የሚለው ጋ ስደርስ ደስ አለኝ። አባቴን አሰናብቱት የሚለውን ከላይ አንብቤዋለሁ፣ አይቼዋለሁ፣ ግን ደስ አለኝ። ደጋግሜ አነበብኩት። እሱ ሲወድቅ እኔ እየተደሰትኩ ነበር። በረንዳው ሥር አንቺ ነሽ ስትዪኝ ያ ደስታ ተመልሶ መጣብኝ። የሸሸሁት እሱን ነው። ራሴን ይቅር ማለት አቅቶኝ ነው እንጂ አንቺን በልቤ አልከሰስኩሽም።»

አጠገቡ ተቀመጥኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ሆኜ ቃል አልጠፋኝም።

«ስማ» አልኩት። «ያ ደብዳቤ የተጻፈው ለጋዜጣው አይደለም። ለአንተ ነው። ሰኞ ሰኞ ስትጠፋብኝ ጊዜ፣ በየቀኑ እንድትመጣልኝ ብዬ ነው የጻፍኩት። የፍቅር ደብዳቤ መሆኑን እኔም አላወቅኩም ነበር። ስወድህ ስምህን አላውቅም፣ መልክህን አላውቅም። አሁን ሁሉንም አውቄ እወድሃለሁ። በል መልስ ስጠኝ።»

እጄን ያዘው። ጣቴ ላይ ያለውን ሰማያዊ ቀለም በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። ከዚያ ግንባሬን ሳመኝና እዚያው ግንባሩን አሳረፈው።

«ነይ እንግባ» አለኝ። «አባቴ ብቻውን ነው።»